ፍጉና የመጀመሪያው ዝናብ

ሰማዩ ጠቁሮ ሲያጉረመርም ሽማግሌው ፍግ የሞላ ጋሪ እየገፉ ወደ ግጦሹ ወረዱ። በግጦሹ በር ላይ ከሟች ወንድማቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ስለ አፈር ተምራ የተመለሰችው ልጅ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ዞር በይ፣ ልጄ። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልበትን።»

«ዛሬስ አይበትኑ፣ አጎቴ።»

«አባትሽ ዕድሜ ልኩን ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ነው የበተነው። ከሞተ ገና ዓመት ሳይሞላው ወጉን ልታስረሺኝ ነው?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌውን ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ቆጫቸው፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

«አባቴ በበተነ ቁጥር ኩሬው አረንጓዴ ይለብስ ነበር» አለች። «አምና ከዚያ ጠጥተው ጊደሮቹ አለቁ። አሁን የቀረችን ያቺ እርጉዝ ላም ናት።»

«እነሱንማ የሰው ዓይን ነው የበላቸው!»

ልጅቱ ከተሰነጠቀው መሬት ጓል አንስታ በእጇ በያዘችው የውሃ ጣሳ ውስጥ ጣለችው። ጓሉ አረፋ እየደፈቀ ፈረሰ።

«የሚያዩት ጭቃውን ነው፤ የሣሩ ምግብ ግን አይታይም። በአፈር ውስጥ ከዓይን የረቀቁ ሕያዋን አሉ። ድርቀት ብዙዎቹን ይገድላል። ዝናብ ሲነካቸው በውስጣቸው የነበረው ምግብ ባንዴ ይለቀቃል። የሣሩ ሥር ግን ገና አልነቃም።»

«ድግሱ ቀርቦ እንግዳው ተኝቷል በይኛ!»

«እንዲያ ነው። እርስዎ በዚያ ላይ ፍግ ሲጨምሩ፣ የተረፈውን ሁሉ ጎርፉ ኩሬ ውስጥ ይከተዋል፤ ያን መርዛም አረንጓዴ የሚያበቅለውም እሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሣሩ ለምልሞ ሥሩ ሲበረታ፣ ከባድ ዝናብ በማያሰጋበት ቀን፣ ከኩሬው ርቀን ስስ አድርገን እንበትን።»

የዝናብ ጠብታ የሽማግሌው እጅ ላይ አረፈ። ላሚቱ ኩሬው ዳር አጎንብሳ ትጠጣለች። ሽማግሌው ጋሪውን እንደያዙ ቀሩ።

«ወንድሜ ጊደሮቹን ሲቀብር ‹ምን በደልኳችሁ?› ይል ነበር» አሉ። «መልሱን ሳይሰማ ሄደ።»

«አባቴ አላወቀም። እርስዎ ግን ሰምተዋል።»

ሽማግሌው ጋሪውን አዞሩት። ዶፉ ሳይወርድ ሁለቱ እየተጋገዙ ፍጉን መጠለያ ውስጥ ገለበጡት፤ የሟቹንም አሮጌ ሸራ አለበሱት።

በዚያ ክረምት ኩሬው ጠርቶ ከረመ፤ ፍጉም በጎርፍ ስላልባከነ ለግጦሹ በቅቶ ተረፈ፤ ላሚቱም በደህና ወለደች። ሙታንን የምናከብረው ስህተታቸውን በመድገም አይደለም፤ ቢያውቁ ኖሮ ያደርጉት የነበረውን በማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ደመና ሲያዩ ጋሪውን ትተው ሸራውን ይፈልጋሉ።