የአቢሶ ስልክ በእኔ እጅ የተገኘበት ምክንያት

የምስክሩ ስም፦ ዱካሞ ላምቤቦ
ዕድሜ፦ 36
አድራሻ፦ ጆሃንስበርግ፣ ኮዝሞ ሲቲ
ሥራ፦ የስፓዛ (አነስተኛ የሰፈር ሱቅ) ነጋዴ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኦገስት 10 ቀን 2021
አስተርጓሚ፦ ሩሀማ ደመቀ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር በሚገኘው ሱቁ ውስጥ ሞቶ ስለተገኘው ስለ አቢሶ ሀንዲሶ ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሟች ያገሬ ልጅ ነው፤ ከሆሳዕና የወጣነው አብረን ነው። ስልኩ ከኪሴ በመገኘቱ ሰርቀሃል ተብዬ ተጠርጥሬአለሁ። አልሰረቅሁም፤ በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሟች እህት ኤርጎጌ ከአገር ቤት ደውላ እናታቸው ማረፋቸውን ነገረችኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ በስልክማ ጭራሽ ነውር ነው። ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ሄዶ ያረዳል። እስከዚያ ወሬው ቀድሞ እንዳይደርሰው ስልኩ በዘዴ ይወሰዳል። ይህንን ለመርማሪው ደጋግሜ ባስረዳም እሱ ግን ታዲያ ለምን ዝም ብለህ አልነገርከውም ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሱቁ መስኮት የሌለው የብረት ኮንቴይነር ነው። አቢሶ ከውስጥ ቆልፎ በፍርግርግ ይሸጣል፤ የሚተኛውም እዚያው ነው። ዝናብ ከበረዶ ጋር ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር። ስልኬ ተበላሽቷልና ያንተን አውሰኝ ብዬ ዋሸሁት። ምንም ሳይጠይቅ በፍርግርጉ አሾልኮ ሰጠኝና፣ "እማዬ እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ አንሳላትና ደህና ነው በላት" አለኝ። እሺ አልኩት። በወጉ አብሬው ማደር ነበረብኝ። ነገር ግን ፊቱን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ፤ በሱቄ አመካኝቼ ተመለስኩ።

እሁድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ፍሰሐ ሰዎች ይዞ ከመሀል ከተማ ሊመጣ ነበር። ሌሊቱን ውሃው መንገድ ላይ ረግቶ በረዶ ሆነ፣ ታክሲ ጠፋ፣ መብራትም በየሰፈሩ ሄደ። በዚያ ላይ ኮሮና ነው፤ ሰው መሰብሰብ ያስፈራል። ፍሰሐ ደውሎ ሰኞ የሴቶች ቀን በዓል ስለሆነ ያኔ እናድርገው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለአንድ ቀን እንኳ እናቱ በሕይወት ትቆይለት ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ገዢ አልመጣም፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ብቻዬን ዋልኩ። እኔ ስልክ እየነካካሁ ነው የዋልኩት። እሱ በዚያ ጨለማ እንዴት እንደዋለ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሰኞ ማለዳ ከፍሰሐና ከሌሎች ወንድሞች ጋር ሄድን። ዳቦ ልትገዛ የመጣች አሮጊት ጎረቤት፣ "ማይ ፍሬንድ ከትናንት ጀምሮ አልከፈተም" አለችን። ደንበኞቹ ሁሉ ማይ ፍሬንድ ነው የሚሉት፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። ብናንኳኳ ዝም አለ። በሩን ሰብረን ስንገባ ተኝቶ አገኘነው። አጠገቡ እምባውላ የሚሉት፣ ከሰል የሚነድበት የተበሳሳ ቆርቆሮ ነበር። የአምቡላንስ ሠራተኞች የከሰል ጭስ አፍኖት ነው የሞተው ብለውናል። ስልክ ቢኖረው ኖሮ ይደውል ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። አላውቅም። ቢደውል ግን ለእኔ ነበር የሚደውለው፤ እዚህ አገር ከእኔ ሌላ የሚቀርበው ሰው የለውም።

ይህን ቃል እየሰጠሁ ሳለ በኤግዚቢትነት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስልክ ጠራ። መርማሪው ስልኩን እንዳነሳ ፈቀደልኝ። የአቢሶ አባት ናቸው፤ ስልኩ እኔ ዘንድ መሆኑን ከኤርጎጌ ሰምተዋል። "ልጄን አረዳችሁት? እንዴት ሆነ?" አሉኝ። አጠገባቸው ማን እንዳለ ጠየቅኳቸው። ማንም የለም፤ ለቅሶኛው ሁሉ ተበትኗል አሉ።

"ገና ነው አባባ፤ ሰው እስኪሰበሰብ እየጠበቅን ነው" አልኳቸው።

ቃሌ በማውቀው ቋንቋ ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ለአቢሶና ለአባቱ ከነገርኳቸው በቀር ውሸት የለበትም።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የአስተርጓሚዋ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________