ሳሙና የማያስጨርሰው አምበል

እንዴት አደርሽ ራዶይካ እህቴ? ቡሬክ ቂጣሽ ዛሬ እንዴት ያማረ ነው! ስጋ ካለበት ሁለት ቁራጭ ቁረጪልኝ፣ እርጎም ጨምሪበት... አትቸኩዪ፣ ልብስ ማጠቢያዬን የምከፍተው በሦስት ሰዓት ነው። ብርዱም ለቀቀን አይደል? ውጭ እንዲህ ፀሐይ ሆኖ ታዲያ ይሄ ጥላ ከየት መጣ? ከኋላዬ ረጅም ሰው ተሰልፎ ይሆናላ... ይሁን። እኔ ዞሬ የሰው ፊት አላይም።

ዘንድሮ ሥራ እንዴት እንደቀለለኝ ነግሬሻለሁ? የቅርጫት ኳስ ቡድናችንን መለያ ሃያ ስድስት ዓመት ሳጥብ እንደዘንድሮ ሳሙና ተርፎኝ አያውቅም። አንድ ተጫዋች አለ... ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ስል በቁመቱ ነው። መለያውን ስቀበለው ላብ የለው፣ እድፍ የለው፣ ሽቶ ሽቶ ይላል! በውሃ እንዳላበላሸው ብዬ አጣጥፌ እመልስለታለሁ።

ጀግናም ነው፤ ማን ይክዳል? በጥቅምት የአውሮፓ ዋንጫ ሲጀመር፣ እዚሁ በገዛ አዳራሻችን፣ ከላትቪያ የመጡት ላይ ሃያ ስምንት ነጥብ ብቻውን አላስቆጠረም? ፎቶው የከተማችን ድልድይ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ደጋፊው የሚያስፈራበት የኢስታንቡል ጉዞ መጣ... ቁርጭምጭሚቴን አለ። ተሰሎንቄ ሲባል... ሆድ ቁርጠት። ‘በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ’ ይላሉ። የኛው ግን አስተዋይ ነው፤ ገደሉን ከሩቅ ካየ ሳሩንም ለጓደኛው ይለቃል። እንዲህ ያለ ቸርነት በዚህ ዘመን የት ይገኛል?

የፍጻሜው ዕለትማ ቸርነቱ አስለቀሰኝ። ቦሎኛ ከተማ ላይ በአንድ ነጥብ ተመርተን፣ አራት ሰከንድ ሲቀር ኳሷ እጁ ገባች። ቅርጫቱ ፊት ለፊቱ ነው፣ የሚከለክለው ሰው የለም። ምን ያደርጋል መሰለሽ? ዞር ብሎ ለልጅሽ ለኦግኜን አሳለፋት! ሁለት ጣቱ ተሰብሮ በፕላስተር ለታሰረው፣ ጥግ ላይ ሁለት ሰው ለተንጠለጠለበት ለኦግኜን! ‘ክብሩን አንተ ውሰደው’ ማለቱ እኮ ነው... ልጅሽም ወረወራት፤ ሳተች። የልጅሽን መለያ ስቀበል ከላቡ ሌላ ደምም ነበረበት። ሦስት ጊዜ ዘፈዘፍኩት፣ አልለቀቀም። ከተማው ደግሞ ማንን ሰደበ? እዚህ ዳቦ ቤትሽ ደጃፍ ላይ በማን ስም ተተፋ? ... ተይው፣ ቀኑ ይበላሽብናል።

ያ አምበላችን ግን ዝም አላለም። በማግሥቱ ለጋዜጣ ‘እኔ ወርውሬያት ቢሆን ኖሮ ትገባ ነበር’ ብሎ አስረዳ። እጁ ላይ እንደነበረች ረስቶት ይሆናል... የሰው ልጅ አይደል? ሐሜተኞች ‘ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ’ እያሉ ይስቁበታል። እኔ ግን ምን አጠፋ እላለሁ። ጅቡ እያለ ቢጮህ ጉሮሮው አይጎዳም?

ቡድኑም ውለታ አይረሳም፤ ለሱ የሦስት ዓመት ውል፣ ለኦግኜን የስንብት ደብዳቤ። ያለ ፍርሃት በተሰበረ ጣት የሚጫወት ሰው ለክለብ አደገኛ ነው ብለው ይሆናል... አታልቅሺ እንጂ፣ ሊጡ ላይ ይንጠባጠባል! ደግሞስ ሰልፉ ከዚህ ጥላ ጀርባ ምን ያንሾካሽካል? ከአንድ ሰው ጋር ነው የማወራው፣ ከአገር ጋር አይደለም።

ክፉ የተናገርኩት አለ? የለም። እንዲያውም የአምበላችን ሚስት በሚመጣው ወር ትወልዳለች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ማርያም በሰላም ታገላግላት! ወንድ ልጅ ይስጣቸው፣ ይደግላቸው፣ እንደ ዝግባ ይርዘምላቸው። አባትየውም እርጅና ተጭኖት፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ‘ልጄ፣ ድረስልኝ’ ብሎ በተጣራ ቀን... ልጁ ቁርጥ አባቱን ሆኖ ይድረስለት።

አሜን በዪ እንጂ፣ እህቴ!