ወደ ፍርስራሹ የወረደው ወታደር

— ሄሎ... ሄሎ! አዎ፣ ሆስፒታሉ ነው፣ የወንዶች ክፍል። ማን ልበል? ... ከአዲስ አበባ? እሺ፣ ያገናኙኝ... ሄሎ! አቤት... እኔው ነኝ፣ ሲስተር ሸዋርጋ። እንዴት ከረሙ አቶ ወልደሩፋኤል? ... እግዚአብሔር ይመስገን። እኛም ደህና ነን፤ ነቀምቴ ዝናቡ አላስወጣ አለን እንጂ...

— ወንድምዎ? ገብረክርስቶስ ደህና ነው... አይ፣ ላጽናናዎት ብዬ አይደለም። የጭኑ ቁስል ደርቋል፤ ትናንት በረንዳው ላይ ሲራመድ ነበር...

— ምን አሉኝ? ... ነገ መኪና? ... ወደ አዲስ አበባ? ... የአእምሮ ሐኪም ዘንድ? ... ኧረ ቆይ፣ ቆይ! መኪናውን ያቁሙልኝ። እየሰሙኝ ነው? ልጁ ተናግሯል!

— አዎ፣ ተናግሯል! ... እህስ፣ ከግንባር ከመጣ ጀምሮ አንድ ቃል ያልወጣው ልጅ! ... እናትዎ ከኪራሙ ድረስ መጥተው ስሙን ሲጠሩት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረባቸው... እሱው! ሌላ ገብረክርስቶስ የለኝም።

— ጸበል? አይ፣ በጸበል አይደለም... መርፌም አይደለም። እንዴት ብዬ ልንገርዎት... በጨዋታ ነው።

— በጨ-ዋ-ታ! ... የምን ካርታ? ቁማር አይደለም። ይስሙኝ። መምህር ተክለጻድቅ የሚባሉ ጂኦግራፊ አስተማሪ አሉ፤ ከኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ከወንድምዎ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ተኝተው ነበር። ድሮ አብሯቸው ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው አሉ ጨዋታውን ያስተማራቸው። ሰሌዳ የለው፣ ምን የለው። በአፍ ነው። እሳቸው አንድ አገር ፈጥረው ይናገራሉ፤ እናንተ ደግሞ እዚያ አገር ውስጥ ሰው ትሆናላችሁ።

— ተረት? እህ... ተረት ነው፣ ግን መጨረሻውን ተራኪውም አያውቀውም። "አሁን ከፊታችሁ የድንጋይ በር አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላሉ። አንዱ እሰብራለሁ ይላል፣ አንዱ እሸሻለሁ ይላል። ከዚያ ጠጠር ይጣላል... አዎ፣ እንደ ሉዶ ጠጠር፤ ከሳሙና ቀርጸው ነው የሠሩት። ትልቅ ቁጥር ከመጣ ይሳካል፣ ትንሽ ከመጣ ጉድ ነው።

— አገሩማ! እንዴት ያለ አገር መሰለዎት... በጋራ ሥር የተቀበረች ከተማ። ንጉሧ ያበደባት፣ ግንቡ የፈረሰ፣ ሐረግ የዋጣት። ከግንቡ በታች ደግሞ ምድር ቤት፣ ከምድር ቤቱ በታች ሌላ ምድር ቤት፤ ሰንሰለቱ ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እስረኞቹ አጥንት ሆነው እንደተቀመጡ... ኧረ የተረት እስር ቤት ነው ጋሼ! ... አውቃለሁ፣ በስልክ ሰው እንደሚሰማ አውቃለሁ። ቢፈልጉ ኦቦ ሞረዳን ይጠይቁልን፤ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፣ ኩላሊታቸውን ታመው እዚሁ ተኝተዋል። እሳቸው እንኳ በጨዋታው ውስጥ ሌባ ናቸው! ... በእውነት! የተቆለፈ ሣጥን ካዩ ማንም አይቀድማቸውም። መጀመሪያ ቀን በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "አንኳኩቼ ስብሰባ እጠራለሁ።" ክፍሉ በሙሉ በሳቅ... አዎ...

— ገብረክርስቶስ? እሱማ ፊቱን አዙሮ ተኝቷል። መምህሩ አንድ ቀን እንኳ "አንተስ?" አላሉትም። የገረመኝ ይሄ ነው። እኛ ሁላችን ስንጎተጉተው ከረምን፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ይተርካሉ፣ በቃ።

— *(በሩን ዝጋው፣ ነፋስ እየገባ ነው!)* ... ይቅርታ፣ አለሁ።

— እና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁስል ላጥብ ገብቼ... ምድር ቤቱ ውስጥ ድልድይ አለ፤ ተሰበረ። ችቦ ይዞላቸው የነበረ አብሯቸው ያለ ሰው ገደል ገባ። ከላይ ደግሞ አንድ አውሬ እየመጣ ነው፣ ኮቴው ይሰማል። ኦቦ ሞረዳ "እንሂድ፣ እሱ አልቆለታል" አሉ። መምህሩ ሁሉንም አዩና "እንግዲህ ትተነው እንሂድ?" ሲሉ...

— እየነገርኩዎት ነው! ... ከግድግዳው በኩል፣ "አይቀርም" የሚል ድምፅ መጣ።

— እሱ! ... ሻካራ፣ የዛገ ድምፅ። "አይቀርም። እኔ እወርዳለሁ" አለ። እኔ የያዝኩትን ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ልጮህ አፌን ስከፍት መምህሩ በዓይናቸው አቆሙኝ። እግዜር ይስጣቸው! ተናገረ ብለን ብንንጫጫበት ኖሮ ያኔውኑ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "በምን ትወርዳለህ?" አሉት። "በገመድ።" "ገመድ የለህም።" ትንሽ አሰበ... "ቀበቶና ነጠላ ጫፍና ጫፉን አስሬ።" "በል ጣል" ብለው ጠጠሩን መዳፉ ላይ አኖሩለት።

— ጣለ። አንድ መጣ።

— አዎ፣ ከሁሉ ትንሿ! መምህሩም ቢሆን አላጭበረበሩለትም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። "ገመዱ ተበጥሶ ወደቅህ፤ ግን በሕይወት አለህ። ጨለማ ነው። ምን ታደርጋለህ?" አሉት። "እየዳበስኩ እፈልገዋለሁ" አለ። ጣለ። አገኘው። "ተሸክሜ እወጣለሁ።" "ግድግዳው ያዳልጣል፣ አውሬው ጫፉ ላይ ደርሷል።" "እወጣለሁ።" ያኔ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? ኦቦ ሞረዳ! ያ ትተነው እንሂድ ያሉት ሰው አልጋቸው ላይ ተነሥተው ቁጭ አሉና "እኔ እጄን ከላይ እዘረጋለታለሁ፣ ለኔም ይጣልልኝ!" ብለው ጮኹ። ሁለቱም ጣሉ... ወጣ። ተሸክሞት ወጣ ጋሼ።

— ሄሎ? ... አሉ? ... እሺ።

— መምህሩ ቀስ ብለው፣ "ያወጣኸው ሰው ስሙ ማን ነው?" አሉት። "ጨመዳ" አለ። ከዚያ አለቀሰ...

— ያውቁታል ጨመዳን? ... አብሮት ዘምቶ ያልተመለሰው? ... አዎ፣ እሱው ነው... አይ፣ የነገረንን እኔ አልነግርዎትም። በስልክ አይሆንም፤ ደግሞም የሱ ነው፣ ራሱ ይንገርዎት። ብቻ ሲጨርስ ምግብ አምጡልኝ አለ። ሁለተኛ ጨመርኩለት።

— ጠንቋይ? ምን ነካዎት ጋሼ! መምህሩ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሰው ናቸው... እኔም መስቀል አለ አንገቴ ላይ። አስማት ቢሆን እኮ ተደብቆ ነው የሚደረገው። ይሄ እኮ ሰው ሰውን ሲጠብቀው ነው...

— አሁንማ መምህሩ የሉም፤ ክራንች ይዘው ቤታቸው ገቡ። ጨዋታው ይቆማል ብዬ ሰግቼ ነበር። ማን ቀጠለው መሰለዎት? ... አዎ! ወንድምዎ ራሱ ነው አሁን የሚተርከው! ያቺኑ የፈረሰች ከተማ ይዟታል፤ የሱ ግን ሌላ ናት። ምድር ቤቶቹ አሁንም ያስፈራሉ፤ ግን ውኃ የሚፈልቅባቸው አሉ፣ እስረኛውም አንዳንዴ በሕይወት ይገኛል። ከጉቶ ጊዳ የመጡ አማርኛ የማይሰሙ አንድ ሽማግሌ ገብተውልናል፤ ለሳቸው ደግሞ በኦሮምኛ ይደግምላቸዋል። አማርኛውን ኦሮምኛውን እያፈራረቀ... ቢያዩት! እኔ ስንት ዓመት ቁስል አጥቤአለሁ፣ እንደዚህ ያለ መዳን አላየሁም።

— እኔማ እጫወታለሁ እንጂ! ሥራ ሲቀል ነው፣ ሲቀል። መድኃኒት ቀማሚ ነኝ... ይሳቁ፣ ይሳቁ...

— አሁንም አላመኑኝም? ... ይገባኛል፣ ሩቅ ላለ ሰው ይከብዳል። ግን በዚህ ሰዓት ከነሱ ነጥለው ከወሰዱት... ቆይ። ቆይ አንዴ፣ እየተጠራሁ ነው።

— *(አቤት! ... ስልክ ላይ ነኝ! ... ምን? የኔ ተራ ነው? ትንሽ ጠብቁኛ!)*

— ሄሎ፣ ጋሼ... ሰሙት? ... "ሲስተር፣ በሩ እየተዘጋብን ነው" ብሎ የሚጮኸው... አዎ። እሱ ነው። ገብረክርስቶስ ነው።

— ሄሎ? ... አቶ ወልደሩፋኤል? ... አለቀሱ እንዴ? ... አይዞዎት... አይዞዎት...

— እሺ... መኪናው ቀረ? ... እሺ፣ አሁን ደግ አሉ። ይምጡና አጠገቡ ይቀመጡ። ለርስዎም በጨዋታው ሥራ አይጠፋም... ኦፕሬተሯ ሰዓት ሞልቷል እያለች ነው። ለእናትዎም መልእክት ይላኩላቸው። እሺ... ደህና ይሁኑ።

— *(መጣሁ አልኩ እኮ! ... እግሬን ላስገባ፣ እንዳትዘጉት!)*