ምንም የለበትም የተባለው ዋሻ

አቶ ኃይለመለኮት የዚያን እሑድ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ከኋላቸው የቆዳ ጫማ ኮቴ ሰሙ። ጣልያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለተኛው ጥቅምት ነበርና በዚያ ሰፈር የቆዳ ጫማ የሚያደርግ ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ከፈረንጅ ጋር የሚውል ነው። ሽማግሌው ዞር ብለው አላዩም። እርምጃቸውን ቢያፈጥኑ ኮቴውም ፈጠነ፤ ቀስ ቢሉ ቀስ አለ።

«እንደምን አደሩ አባባ?» አለ ከኋላ የመጣው ድምፅ።

ፈቃደ ነበር። የሟቹ ጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ትምህርት ቤት ገብቶ የፈረንጅ ቋንቋ ተምሯል፤ ዛሬ በጣልያኖቹ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ሆኖ ይሠራል። ሰፈሩ ፊት ለፊት ሲያገኘው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ዞር ሲል ደግሞ ባንዳ ይለዋል። አቶ ኃይለመለኮትም እንደ ሰፈሩ ነበሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ።

«ከእርስዎ ጋር የምነጋገረው ነበረኝ። መንገድ ላይ የሚነገር አይደለም። ፈቃድዎ ቢሆን ቤትዎ ልግባ?»

ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን አስተርጓሚ ቤትህ ልግባ ሲል እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም። ሽማግሌው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብለው ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው ጠባብ መንገድ ቀድመው ሄዱ። ከዘራቸውን አጥብቀው ይዘው ነበር።

የፈሩበት ምክንያት ነበራቸው። ባለፈው የካቲት፣ ከተማው ሲቃጠል፣ የልጃቸው የሀረገወይን ባል በደጁ ተገደለ። አቶ ኃይለመለኮት ሀረገወይንን ከነልጆቿና ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር በሌሊት አውጥተው፣ ከሙገር ገደል ባሻገር እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ዋሻ ሸሸጓቸውና ተመለሱ። ዋሻውን ያወቁት ከአባታቸው ነው። አባታቸውም እሳቸውም የሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በቅሎ እየነዱ አገሩን ዳር እስከ ዳር ያውቁታል። የነጋዴዎቹ ልማድ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ከሽፍታም ሆነ ከቀረጥ ተቀባይ የሚያስጥል መሸሸጊያ ያለው ሰው፣ ቦታውን ሊሞት ሲል ለአንድ ወንድ ልጁ ብቻ ይነግራል። ሌላ ሰው ቢጠይቀው «እዚያ ምንም የለም፣ ጅብ ነው ያለው» ብሎ ያልፋል። አቶ ኃይለመለኮት ወንድ ልጅ አልወለዱምና ለማንም አልተናገሩም ነበር።

ቤት ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት እንግዳውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ፤ ሆኖም ውሃ አቀረቡና ወደ ጓዳ ገቡ። ከመጋረጃው ኋላ ግን አልራቁም።

«አባባ» አለ ፈቃደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ዓርብ ዕለት ካፒታኖው ዘንድ የተናገሩትን ያስታውሳሉ?»

«ምን ተናገርኩ? የጠየቀኝን ነው የመለስኩት። አንተው አይደለህ ያስተረጎምከው?»

ካፒታኖ የሚሉት የጣልያን ሻምበል መድፍ የሚተኩስ ሰው አልነበረም። ሥራው ከአገሩ ለሚመጡ ጎብኚዎች የሚሆን መንገድና መጽሐፍ ማዘጋጀት ነበር፤ የትኛው ተራራ ላይ ሐይቅ አለ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ከዓለት ተፈልፍሏል፣ ፏፏቴው ወዴት ነው እያለ ይጠይቃል። አገር የሚያውቅ ሽማግሌ አምጡልኝ ቢል አቶ ኃይለመለኮትን ጠቆሙለት።

«የዝቋላን ሐይቅ ጠየቀዎ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ነገሩት» አለ ፈቃደ። «አዳዲ ማርያምን ጠየቀዎ፣ ከአንድ ዓለት እንደ ተፈለፈለች ነገሩት። የአዋሽን ፏፏቴም እንዲሁ። ከሙገር ገደል ባሻገርስ ሲልዎ ግን ምን አሉ?»

አቶ ኃይለመለኮት ከዘራቸውን ወደ ጎን አስቀመጡ፤ ፈቃደም የጠየቀውን ራሱ መለሰ።

«‹እዚያ ምንም የለም፣ ጅብ ነው ያለው› አሉ። እርስዎ ከወጡ በኋላ ካፒታኖው ሳቀና ለጓደኛው ምን እንዳለው ልንገርዎ? ‹እነዚህ ሰዎች ስላለው ነገር ሲጠየቁ ይናገራሉ። ምንም የለም ሲሉ ግን የደበቁት አለ። ጉዟችንን ከዚያ እንጀምራለን› አለ። ማክሰኞ መኪናው ይመጣል፤ ከነወታደሮቹ። መሪው እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው መደቡን በእጃቸው ያዙ። ስንት ዘመን የኖሩበት ልማድ፣ አባታቸው ያወረሷቸው ዘዴ፣ ልጃቸውን በጣት የጠቆመ ያህል ሆኗል። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣባቸው፤ ይህ ልጅ ሊያውጣጣኝ መጥቶ እንደሆነስ?

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። «ለላከህ ሰው እንዲህ በለው።»

«አባባ፣ ላስይዝዎ ብዬ ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ መምጣት ምን ያደርግልኛል? ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር። ማክሰኞ እርስዎን ከፊት አስቀምጦ በቀጥታ ወደዚያው ይሄድ ነበር።»

ይህ ነገር ሽማግሌውን ያዛቸው።

«አብረውኝ የተማሩት ልጆች የካቲት ላይ ተረሽነዋል» አለ ፈቃደ። «እኔን ያተረፈኝ ምላሴ ነው። እንጀራዬን የምበላው በነሱ ቤት ነው፤ ሰው ምን እንደሚለኝም አውቃለሁ። እዚያ ማን እንዳለ አይንገሩኝ፤ ባላውቅ ይሻላል። የማስበው ቀድመን ምን ማድረግ እንደምንችል ነው።»

አቶ ኃይለመለኮት ግን ቁጣቸው ከፍርሃታቸው ጋር ተደባልቆ ወጣ። «ጥፋቱ የማን ሆነና! አገር ማሳየት አገር መስጠት ነው። በወጣትነቴ አንድ ፈረንጅ በሲራራችን መንገድ መጣ፤ ቢራቢሮ ይለቅማል፣ ድንጋይ ይሰባብራል፣ ገደል አፋፍ ቆሞ ሲያይ ይውላል። እኛም ሞኝ ነው ብለን ሳቅንበት፤ መንገድም መራነው። ከኋላው ምን እንደ መጣ ይኸው አየህ። ሰው ለንግድ ይሄዳል፣ ለስለት ይሄዳል፤ ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«እውነትዎን ነው፤ ለማየት ብቻ የሄደው ሰው ነው ዛሬ አገራችንን የያዘው» አለ ፈቃደ። «ግን ጥፋቱ እሱ ማየቱ ነው ወይስ እኛ አለማየታችን? እኔ ስለ ሮማ ወንዝ ተምሬአለሁ፤ ስለ ሙገር ወንዝ ግን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሚያውቀው እርስዎ ነበሩ፤ እርስዎም ጅብ ነው ያለው አሉኝ። ልጅ ሳለሁ ጠይቄዎት ነበር፤ አያስታውሱትም። የካቲት ላይ ከተማው ሲነድ የዚህ ሰፈር ሰው ከከተማው ውጭ የት እንደሚገባ አያውቅም ነበር። በየቤቱ ተቀምጦ ተቃጠለ።»

ይህ ቃል ከባድ ነበር። ፈቃደ ራሱም ተናግሮት ደነገጠ።

በዚህ ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ወይዘሮ ወለተሰንበት ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ባላቸውን በእንግዳ ፊት ተናግረው አያውቁም ነበር።

«አንቱ፣ እኔም ልጠይቅዎት። ልጄ የት ነው ያለችው? በየት በኩል ነው? ደህና ናት ከማለት በቀር የነገሩኝ የለም። ማክሰኞ ወስደው ቢገድሉዎትስ? እኔ በየት ብዬ ልፈልጋት ነው? ከእርስዎ ጋር ልትቀበር ነው?»

ሽማግሌው ሞትን ብዙ ጊዜ አስበውት ነበር፤ እሳቸው ሲሞቱ መንገዱም እንደሚሞት ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰቡም። እጅግ አፈሩ። የፈሩትን ያህል አፈሩ።

«ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ፈቃደ ዞረው።

ፈቃደም ያሰበውን ተናገረ። ካፒታኖው የሚወደው ያማረ ነገር ነው። እስከ ዛሬ አቶ ኃይለመለኮት መንገድ ነገሩት እንጂ የቦታን ውበት አልነገሩትም። አሁን አንድ ሌላ ቦታ ጠርተው፣ ልቡ እስኪሸፍት ያወድሱለት፤ ዋሻውን ግን አያንሱት። «ዓርብ የረሳሁት አለ ይበሉት። ወንጪን ይንገሩት። ተራራው አናት ላይ ያለውን ሐይቅ፣ ደሴቱን፣ ገዳሙን። የኔ ነገር ማስተርጎም ብቻ ነው። ወደዚያ ከሄደ ጥቂት ቀን እናገኛለን።»

«በነዚያ ቀኖች ወደ ዋሻው ማን ይሄዳል? አንተ ብትጠፋ ይታወቃል፤ እኔ መሪ ነኝ።»

«እኔ እሄዳለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት። «ለጸበል የምትሄድ አሮጊት ማን ይከለክላል?»

ወይዘሮዋ ከልደታና ከተክለ ሃይማኖት አልፈው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ነገር ግን የሚስታቸውን ፊት አይተው ተዉት። ከጓዳ ጥሬ ባቄላ አስመጥተው መደቡ ላይ ዘረጉ። ትልልቁን ተራራ አሉት፣ ትንንሹን መንደር፤ የሚስታቸውን የነጠላ ጥለት እያጠማዘዙ ወንዝ አደረጉት። «ወንዙን ተሻግረሽ ሦስት ሾላ ታያለሽ። ከዚያ በግራ ገደሉን ይዘሽ ውረጂ። ውሃው ከላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ የዋሻው አፍ ከውሃው ኋላ ነው።» ወይዘሮዋም ባቄላውን አፍርሰው መልሰው እየደረደሩ ተማሩት። ፈቃደ ሁሉንም እንዳይሰማ ደጅ ወጥቶ ቆመ።

ሰኞ ወይዘሮዋ የጸበል ቅላቸውን ይዘው ሄዱ። ማክሰኞ መኪናው መጣ። አቶ ኃይለመለኮት በዕድሜያቸው አንድ ቦታ አወድሰው አያውቁምና አንደበታቸው ተሳሰረ፤ ካፒታኖውም ትክ ብሎ ያያቸው ነበር። ቢሆንም ተናገሩ። ሐይቁ ጠዋት ጉም ለብሶ እንደሚያረፍድ፣ ጉሙ ሲነሣ ደሴቷ ብቅ እንደምትል ተናገሩ። ፈቃደም አሳምሮ ተረጎመው። ካፒታኖው ጥቂት አሰበና «ሙገር ይቆየን» አለ።

እስከ ወሊሶ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ወጡ። ተራራው አፋፍ ሲደርሱ ጉሙ ተነሥቶ ሐይቁ ከታች ተዘርግቶ ታየ። ካፒታኖው ባርኔጣውን አወለቀ። አቶ ኃይለመለኮትም ቆመው አዩ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አልፈዋል፤ ሁልጊዜ የሚያዩት ግን የበቅሎውን ጭነት ነበር። ልጃቸው ምን ሆነች እያሉ እንኳ፣ ይህ ሁሉ ነገር የኛ ነበር እንዴ ብለው ተደነቁ።

ሲመለሱ ቤታቸው ባዶ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ጸበል ሄዳለች» ይላሉ፤ መኪና በሰሙ ቁጥር ጆሯቸው ይቆማል። እህል አልበላ አላቸው። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወለተሰንበት እግራቸው አብጦ፣ ነጠላቸው በአቧራ ቀልቶ ገቡ። በሩን ከዘጉ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ልጅዎ ደህና ናት፤ ልጆቿም። ሁሉንም ከዋሻው አውጥቻቸዋለሁ፤ ወደ ቆላው ወርደው አርበኞቹ ዘንድ ገቡ።»

አቶ ኃይለመለኮት እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሚስታቸው ግን ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር።

«ከውሃው ኋላ ገብቼ አየሁት» አሉ። «ድንጋዩ እንደ ጧፍ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ የጥንት ሰው የቀረጸው መስቀል አለ፤ እነሱም እንደኛ ተሰደው ይሆናል። ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። ይህን አይተው ነው ይህን ያህል ዘመን ምንም የለም ሲሉኝ የኖሩት?»

ሽማግሌው ተነሥተው ለሚስታቸው የእግር ውሃ አመጡ።

ካፒታኖው ከዚያ በኋላ ሙገርን አልተወም። መንገዱን ከባላገር እየጠየቀ ገደሉን አሰሰና ዋሻውን አገኘው። ያገኘው ግን የቀዘቀዘ አመድና የተሰበረ ማሰሮ ነው። አቶ ኃይለመለኮትን አስጠርቶ ለምን ምንም የለም እንዳሉ ጠየቃቸው። «እኛ ማየት አናውቅም ነበር፤ አሁን ተማርን» አሉት። ፈቃደ ቃል በቃል ተረጎመው። ካፒታኖውም እሱን ያመሰገኑ መስሎት፣ ደስ ብሎት አሰናበታቸው።

ፍርሃቱ ግን አላለፈም፤ ሰው ሲጠፋና ሲታሰር ብዙ ወራት ሄዱ። ሆኖም በዚያ ቤት አንድ ልማድ ተለወጠ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ልጆች፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ በሩ ተዘግቶ፣ መደቡ ላይ ባቄላ ተዘርግቶ አገራቸውን ይማራሉ። ዝቋላ የት እንደሆነ፣ አዋሽ ከየት እንደሚነሣ፣ አዳዲ ማርያም በየት እንደሚወረድ ያውቃሉ። አገሩን ያወቀ ሰው ሲያሳድዱት መግቢያ አያጣም፤ ሰላም ሲሆን ደግሞ እንግዳውን ራሱ መርቶ ያሳያል እንጂ የገዛ ደጁን ከባዕድ መጽሐፍ አይማርም። ይህን አቶ ኃይለመለኮት ለሚሰማቸው ሁሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይናገሩ ነበር።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዷ ባቄላው ያለቀበትን የመደብ ጠርዝ በጣቷ ነክታ «ከዚህ ማዶስ ምን አለ?» አለች።

«ምን—» ብለው ጀመሩ፣ የድሮው ቃል አምልጧቸው። ወይዘሮ ወለተሰንበት ከጥግ ቀና ብለው አዩዋቸው። ሽማግሌውም ቃሉን ውጠው ተጨማሪ ባቄላ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ።