«ዋጃ የለም» ያለው አድራሻ

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን ባልደረቦች፣ ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ፋንታዬ፣ ይህን ሁሉ ሰው እዚች ጠባብ ክፍል ስለሰበሰብሽው አንቺን ለብቻ አመሰግናለሁ። ዛሬ እንኳ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ የሚጮህብኝ ሰው የለም!

ቆቦ ስመጣ የድረ ገጻችን አድራሻ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ጥያቄ ምልክት፣ እኩል ይሆናል፣ ከዚያ አሥራ አንድ አሃዝ። የመስክ ሠራተኛችን ታምሬ አንድ ቀን ለሮቢት ገበሬ በስልክ ሊያስጽፍ ሞክሮ «አቦ፣ በእግሬ ብመጣ ይቀለኛል» ተባለ።

ስለዚህ ድረ ገጻችን በተቀመጠበት ሰርቨር ላይ አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሰው ከማኅበሩ ስም ቀጥሎ እዝባር፣ ማለትም ያቺን ዘንበል ያለች ሰረዝና የመንደሩን ስም ብቻ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ስሙን አንብቦ የመንደሩን የከብት ክትባት ቀን ከመረጃ ቋቱ ያወጣለታል። ደስ አለን። አጭሩን አድራሻ በየቀበሌው ግድግዳ አስጻፍን።

በ2007 ግንቦት ላይ ሰርቨር የሚያከራየን ድርጅት ሳይነግረን ወደ ሌላ ማሽን አዛወረን። አዲሱ ማሽን አጭሩን አድራሻ ለፕሮግራሜ አላስተላልፍም አለ። የትኛውንም መንደር ብትጽፉ «ገጹ የለም» ነው መልሱ። ማስተካከያው አንዲት መስመር ነበረች፤ ፈቃዱ ግን በእነሱ እጅ ነው። ደወልኩ።

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል» አሉኝ።

በማግስቱም ደወልኩ። «ተመዝግቧል።»

በዚያው ሳምንት የዋጃ መንደር የአባሰንጋ ክትባት በአምስት ቀን እንዲቀድም ተደረገ። ታምሬ በባጃጅ እየዞረ በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። የወይዘሮ ሙሚና ቤት ግን ከመንገዱ ይርቃል፤ አልሰማችም።

ከአሥር ቀን በኋላ ቢሮዬ መጣች። ሁለት በሬዎቿ በአባሰንጋ ሞተዋል። የልጇን ስልክ ዘረጋችልኝ።

«ልጄ ዋጃ ብላ ጻፈች፤ የለም አለን። ክትባቱ ቀርቷል ብለን ተቀመጥን። ዘካሪያስ፣ ዋጃ የት ሄዶ ነው?»

በድሮው ረጅም አድራሻ ገብቼ እፊቷ ከፈትኩት። አዲሱ ቀን እዚያው ተጽፎ ነበር።

ማሽኑ በተቀየረ በአርባኛው ቀን፣ ጠዋት ስገባ፣ አድራሻዎቹ ሁሉ ይሠራሉ። ማን ዘጋቸው? ማን ከፈታቸው? እስከ ዛሬ አላውቅም። ዋጃ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«አንተ ምን ታደርግ ልጄ፣ የአላህ ሥራ ነው» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱአድ፣ ከነገ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው። ፕሮግራሙን አስረክቤሻለሁ። የማሽኑን ፈቃድ ግን ላስረክብሽ አልቻልኩም፤ ለእኔም አልተሰጠኝም።

ወገኖቼ፣ አሚን በሉኝ። ዝናቡ በወቅቱ ይጣልላችሁ። ከብቱ ይርባ፣ ልጁ ይደግ። የምትሄዱበት መንገድ ይቅና። ስትጣሩም ሰሚ አያሳጣችሁ።