ሞተሩን በገዛ እጃቸው ያጠፉት መካኒክ

ሐዘናችንን ሐዘናችሁ አድርጋችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ የሟች የሚስት ወንድም ስሆን፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አብዛኛውን ዕድሜዬን ናፍጣ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእኔ የተሻለ አንባቢ ሞልቶ ሳለ እህቴ አንተው አንብበው ብላ አዘዘችኝ፤ የእህቴን ትእዛዝ እምቢ ብሎ በሰላም የወጣ ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

ጋሽ ጆሮ በሚል የቁልምጫ ስም የምናውቃቸው አማቼ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በሥራ ላይ እንዳሉ በድንገት በማረፋቸው የቤቱን ሸክም ተቀብለው በመንገድ ሥራ ጋራዥ ተቀጠሩ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙትም እዚያ ነው፤ የካቻቪቴውን ጫፍ ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮአቸው አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ ‹‹ሦስተኛው ፒስተን ነው›› ካሉ፣ ተፈትቶ ሲታይ ሦስተኛው ፒስተን ሆኖ ይገኝ ነበር። አንድ ቀን አለቃቸው ሊፈትኗቸው ፈልገው ደህናውን ሞተር ታሟል ብለው ቢያቀርቡላቸው፣ ብዙ ካዳመጡ በኋላ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን፣ አለቃው ግን ሳላቸውን ቢታከሙ እንደሚሻል መናገራቸው እስከ ዛሬ ይወራል።

ከታላቅ እህቴ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ጆሮአቸው ሰበብ ነው። በልብስ ስፌት ቤቷ ደጃፍ ሲያልፉ የስፌት መኪናዋ ሲያቃስት ሰምተው ሳይጠሩ ገብተው ጠገኑላት፤ እሷም ሳይጠሩ የገቡትን ሰው ሳይወጡ አስቀረቻቸው። በተባረከው ትዳራቸውም ዛሬ ነርስ የሆነች ሴት ልጅና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው የሰፈራችንን የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰውን የናፍጣ ሞተር እንዲጠብቁ ተመረጡ። ያቺን የሞተር ክፍል የማያስታውስ የለም፤ አንዲት መስኮት፣ ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የግራሶ ጨርቅ፣ በር አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር። ጋሽ ጆሮ በዚያ ጭስ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሲተነፍሱ ኖሩ። እህቴ ሸሚዛቸውን ሦስቴ አጥባው እንኳ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር፤ ናፍጣውን የማቀርብ እኔ ስለነበርኩ ለሽታው ተጠያቂው እኔ ነበርኩ።

ዝናቡ ጊዜውን መሳት ከጀመረ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ባልታሰበ ወር የወረደ ጎርፍ ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። የነዳጅ መኪናው ማዶ ቀረ፣ ሞተሩም ቆመ፤ ጉድጓዱ ሙሉ ሆኖ ሳለ አሥራ አንድ ቀን ጄሪካን ተሸክመን ወንዝ ለወንዝ ተንከራተትን። መንገዱ ሲከፈት በተጠራው ስብሰባ ላይ ጋሽ ጆሮ ተነሥተው የተናገሩትን በዚያ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በየአገሩ የሚቃጠለው ነዳጅ ዝናቡን ከጊዜው እንዳፈናቀለው፣ ዝናቡ ድልድዩን እንደወሰደው፣ ድልድዩም ነዳጁን እንዳስቀረብን አስረድተው፣ ‹‹በገዛ ገመዳችን ታስረናልና የእኛን ጫፍ እኛ እንፍታ›› አሉ። የሞተር ደሞዝ የሚበላ ሰው ሞተሩ ይቅር ሲል ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ፓምፑ በሶላር ይሥራ ማለታቸው ሲገባኝ ግን፣ ‹‹በደመና ቀን ደመና ልንጠጣ ነው?›› ብዬ ሰውን አሳቅሁ።

ከብዙ ክርክር በኋላ ለአንድ በጋ እንዲሞከር ተወሰነ። ውሃው ካልበቃ፣ በሸራ ተሸፍኖ የተቀመጠው የናፍጣ ሞተር ወደ ቦታው ሊመለስ፣ የሶላሩም ነገር ዳግም ላይነሣ ሰፈሩ ቃል ተገባባ። በያጁ ብረቱን በየደ፣ አናጢው ማቀፊያውን ሠራ፣ የሒሳብ መምህሩ ልኩን ቀመሩ፣ የእናቶች ማኅበር ከየቤቱ ገንዘብ አሰባስቦ የሶላር መስታወቶቹን አስመጣ። ጋሽ ጆሮም በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ደብተር ገዝተው፣ የገዛ ልጃቸውን ‹‹መምህር›› እያሉ ስለ ኤሌክትሪክ ከሀ ጀምሮ ተማሩ።

ሥራው እንደተጀመረ ውሃው ሰፈሩን አዳረሰ። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ጠዋት ደህና የሚወርደው ውሃ ቀትር ላይ እየተቋረጠ፣ ታንከሩ ከግማሽ አልፎ አልሞላ አለ። ጋሽ ጆሮ ፓምፑን ከአርባ ሜትር ጥልቀት ሦስት ጊዜ በገመድ አስወጥተው ፈተሹት፤ ሽቦውን አንድ በአንድ መረመሩት፤ ካቻቪቴአቸውን ቢያስደግፉም የሚሰማ ነገር አልነበረም። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻም በተጠራ ስብሰባ ሞተሩ በሚቀጥለው ሰኞ ይመለስ ሲባል፣ እኔ ተነሥቼ ‹‹ጆሮ ሲያረጅ ዝምታውን ዘፈን ይለዋል›› አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ያወቅሁት ከትናንት በስቲያ፣ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ከእህቴ ጋር በተቀመጥን ጊዜ ነው። ከስብሰባው ማግስት ጋሽ ጆሮ ለምሳ ወደ ቤት መሄዱን ትተው ከታንከሩ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ቀትር ሲሆን የሰፈራችን እናቶች ንጹሕ አንሶላ ይዘው መጡና መስታወቶቹን አንድ በአንድ አለበሷቸው። ብዙ የደከሙበትን መስታወት የቀትሩ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ሰግተው ነበር፤ በሰው ሥራ ገባችሁ እንዳይባሉም ጋሽ ጆሮ ከምሳ ከመመለሳቸው በፊት አንሶላውን አጣጥፈው ይሄዱ ኖሯል። ከፊት የምትመራቸው ለየመስታወቱ በልኩ ልብስ የሰፋችው የገዛ ሚስታቸው፣ እህቴ ነበረች።

ጋሽ ጆሮ ከጥላው ወጥተው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ የፓምፑ ምግብ ያው ፀሐይ መሆኑን አስረድተው አንሶላውን አብረው አጣጠፉ። እናቶቹ በሐፍረት ቢያለቅሱ፣ ስለዚህ ነገር ከዚህ ቦታ የሚወጣ ወሬ እንደማይኖር ቃል ሰጧቸው። ሞተሩ ሊመለስ በተቀጠረበት ሰኞ በተደረገው ስብሰባ ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ እየታየ፣ ‹‹ስህተቱ የእኔ ነበር፤ አግኝቼ አርሜዋለሁ›› ብለው ብቻ ተቀመጡ። እኛም ሽቦ አሳስተው ቀጥለው ነበር ብለን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቀልድባቸው፣ እሳቸው አብረውን እየሳቁ ኖሩ። ያን ሳስበው እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ መኖሩ ያስደንቀኛል፤ የሚያህላቸውንም አላየሁም።

በዚያ በጋ ማብቂያ ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቁትን ሞተር በገዛ እጃቸው ብሎን በብሎን ፈትተው ለሙያ ትምህርት ቤት መማሪያ ሰጡት። ክሊኒኩና የእህል ወፍጮው ተከተሉ፤ ከሌሎች ሰፈሮችም ሰዎች እየመጡ ይማሩ ጀመር። ወደየሰፈሩ ሄደው ሲያስተምሩ ‹‹አስቀድማችሁ እናቶችን ሰብስቡልኝ›› ይሉ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ገበያዬ ቀዝቅዞ ናፍጣ ቤቴን በዘጋሁ ሳምንት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ የሰፈሩ የሶላር መለዋወጫ መጋዘን ጠባቂ ያስፈልገዋል ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ፤ እስከ ዛሬም የምኖረው በዚያ ሥራ ነው።

ጋሽ ጆሮ ከሦስት ዓመት ወዲህ በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። የዚያች ክፍል ጭስ ውስጣቸው እንደቀረ ሐኪሞች ነግረዋቸዋል። ልጃቸው ሌት ተቀን ስታስታምማቸው ቆይታ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ እጃቸው በእህቴ እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ቀድሞ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ለክብሩ ሞተር ይቆም ነበር። እሳቸው ግን በቀብራቸው ቀን ፓምፑ ለአንድ ደቂቃ እንኳ እንዳይቆም አደራ ብለዋል፤ ልቅሶ የመጣ ሰው ውሃ ይጠማዋል ብለው ነው። ስለዚህ አሁን እኛ እዚህ ቆመን ሳለ ውሃው ወደ ታንከሩ እየወጣ ነው፤ ድምፅ ስለሌለው ነው የማትሰሙት።

ጋሽ ጆሮ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና በእጃቸው ሙያ ያስተማሯቸውን ብዙዎች ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ድካማቸውን ቆጥሮ፣ ጭስ በሌለበት፣ ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእህቴና ለልጆቿም ብርታቱን ይስጥልን።

ያን ‹‹ጆሮ ሲያረጅ›› የሚል ቃል የተናገርኩት በሰፈሩ ሰው ፊት ስለነበረ፣ እህቴ ይህን በሰፈሩ ሰው ፊት እኔው እንዳነብ አዝዛለች። አንብቤያለሁ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።