ድምፅ ማጉያው አጠገብ
የልጄ ክርስትና ዕለት፣ ዓለም ገና ባለው ግቢያችን ድንኳን ተጥሎ ዘፈኑ ሰፈሩን ሲያናውጠው ልጄ እንቅልፉን ይለጥጣል። እንግዶቹ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" ሲሉኝ ጊዜ ልቤ አብጦ፣ አቅፌው ሄጄ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆምኩላችሁ። ንቅንቅ አላለም። ሰዉ በሳቅ አውካካ። በቅርቡ ጎረቤት የሆኑን አዴ ጫልቱ ብቻ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ጆሮውን አስመርምሪው" አሉኝ። "ምነው፣ በደስታዬ ቀን ያሟርቱብኛል?" ብዬ ሰው ፊት ጮህኩባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሆስፒታል ወሰድኩት። ደጋግመው መረመሩት፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ አይሰሙም። አንገቴን ደፍቼ አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ እጄን ያዙኝና፣ "የእኔንም ልጅ ጨዋ ናት ይሉልኝ ነበር" አሉኝ። "አስመርምሪያት ያለኝ ግን አልነበረም።"